አራቱ ካርዶችና የጋሽ ፈንታ ናስትሮ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ቤት ስገባ እጄን መሰብሰብ አቅቶኛል። ባለፈው ጎረቤቴ ታምማ ልጠይቃት ሄጄ፣ ገና «እግዚአብሔር ይማርሽ» ሳልላት ጎንበስ ብዬ የፍሪጇን ሶኬት በእጄ ጀርባ ዳበስኩት። ሞቋል። «አትጠገብ፣ የታመምኩት እኔ ነኝ እኮ!» አለችኝ። አልሰማኋትም። ሶኬቱን ነቅዬ፣ የላላውን ብሎን አጥብቄ፣ መልሼ ሰክቼ፣ ከዚያ በኋላ ነው አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ ስለ ራስ ምታቷ የጠየቅኋት። ስትስቅ ውላ ማታ ተሻላት፤ በሳቁ ይሁን በመድኃኒቱ አላውቅም።

ልጆቼ «እማዬ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ምን ስትሠሪ እንደኖርሽ ጻፊው» እያሉ ሲጨቀጭቁኝ ከረሙ። ብዙ የሚጻፍ የለኝም። ሕይወቴን ሙሉ የኤሌክትሪክ ዕቃ ስፈታና ስገጥም ነው የኖርኩት። ነገር ግን አንድ ሰው አለ፤ እሱን ሳልጽፍ ብሞት ይቆጨኛል። እንግዲህ ስለ ጋሽ ፈንታና አንድ ጊዜ ስላቃጠልነው ኮምፒውተር ልንገራችሁ፤ መንገድ ላይ የራሴም ነገር ቢገባ አትፍረዱብኝ።

የተወለድኩት አንበሳሜ ነው። አባቴ ገበያ ላይ ጨውና አቡጀዴ ይሸጥ ነበር፤ ልጁ እንደሱ በፀሐይ እንድትቀቀል አልፈለገም፤ ሙያ ትምህርት ቤት አስገባኝ። ኤሌክትሪክ ተማርኩና መጀመሪያ የተመደብኩት ይፋግ፣ የውኃ ፓምፕና የእህል ወፍጮ ካለበት ጣቢያ ነበር። ኃላፊው የመጣሁበትን ወረቀት አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ። «እንግዲህ ሴት ልጅ ምን ላድርጋት? ሻይ ታፍላ?» አለ።

ከሞተሩ ኋላ ፊታቸው ዱቄትና ግሪስ የተቀላቀለበት ቀጭን ሰው ቀና አሉ። «ሻይ የምትፈልጉ እኔ አፈላላችኋለሁ። እሷ ወዲህ ትምጣ፤ ሞተሩ እየጠበቃት ነው» አሉ። ጋሽ ፈንታን ያወቅሁት በዚያ ቀን ነው። ያኔ ገና ወጣት ነበሩ፤ ለእኔ ግን ገና ሳያቸው ሽማግሌ ሆነው ታዩኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ «አንቱ» እንዳልኳቸው ቀረሁ።

ያስተማሩኝ ተቀምጠው በመናገር አይደለም። ሲሠሩ አጠገባቸው መቆም ነበረብኝ፤ ቆሜ ነው የተማርኩት። አንድ ዕቃ ተበላሽቶ ሲመጣ ካቻቢቴ አያነሱም። መጀመሪያ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዙሪያውን ይዞሩና «ይኸ ነገር ተየት ነው የሚጠጣ?» ይላሉ፤ ኃይሉን ከየት ይወስዳል ማለታቸው ነው። ገመዱን ከዕቃው ጀምረው ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ኃይሉ እስከሚነሳበት ድረስ በዓይናቸው ይከተሉታል። ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያው መንገድ ላይ ይገኛል፤ ዕቃው ሳይፈታ ይድናል። ከተጠገነ በኋላ ደግሞ ተነሥቶ ሲሠራ ትንሽ ያቆዩትና እያንዳንዱን መጋጠሚያ በእጃቸው ጀርባ ይዳብሳሉ። «ለምን በመዳፍዎ አይሆንም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «መዳፍሽን ኃይል ተያዘው ይጨብጣል፤ ጨብጦ ይገድልሻል። የእጅሽ ጀርባ ግን ሲደነግጥ ይሸሻል» አሉኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ሰው ቤት የሚያሳፍረኝ አመል ከዚያ የመጣ ነው።

ሌላው አመላቸው ናስትሮ ነበር። ናስትሮ የምንለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ገመድ የሚጠቀልልበት ማጣበቂያ ነው። ወፍጮ ቤት ዱቄት የማይገባበት ቀዳዳ የለም፤ ከዱቄቱ ኋላ ደግሞ አይጥ ይመጣል። ስለዚህ ጋሽ ፈንታ አንድ ሞተር ሠርተው ሲጨርሱ ገመድ ያልገባበትን ቀዳዳ ሁሉ በናስትሮ ይሸፍናሉ። ሸፍነውም አይበቃቸውም፤ የናስትሮውን ጫፍ በጥፍራቸው ወደ ውስጥ አጠፍ ያደርጉታል። ሌላ ጊዜ የሚፈታው ሰው ጫፉን ፍለጋ እንዳይቸገር ብለው ነው። ያቺን የታጠፈች ጫፍ ባየሁ ቁጥር እዚያ ዕቃ ላይ የማን እጅ እንዳለፈ አውቃለሁ። ስንት ሞተር፣ ስንት ራዲዮ በዚች አመላቸው ከአይጥ ተርፏል።

በኋላ ሁለታችንም ወደ ደብረ ታቦር ተዛወርን። ስለ ደመወዙ አልነግራችሁም፤ አጭር ታሪክ ነው። ኃላፊዎቻችን ግን ረጅም ታሪክ ነበሩ። አንዱ መሣሪያ ይጠፋል ብሎ ካቻቢቴዎቹን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ጋይንት ለሠርግ ሄደ፤ ተመልሶ እስኪመጣ በቢላዋ ብሎን ስንፈታ ከረምን። ሌላዋ ደግሞ እግዜር ይስጣት፣ ልጅ ወልጄ ስመለስ የማጠባበት ክፍል ቁልፍ የሰጠችኝ እሷ ናት። የጽሕፈት መኪናው ሄደ፣ ማባዣው ሄደ፣ ኮምፒውተር መጣ። ጋሽ ፈንታ የመጀመሪያውን ኮምፒውተር እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሲዞሩት አስታውሳለሁ። ተየት እንደሚጠጣ ካወቁ በኋላ አልፈሩትም።

አንድ የአገራችንን ነገር ሳልነግራችሁ ወደ ዋናው ጉዳይ መግባት አልችልም። እኛ ዘንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ከተበላሸ ጥፋተኛው አስቀድሞ ይታወቃል። «መብራቱ ነው» ይባላል። መብራቱ ሲሄድ ሲመጣ፣ ሲደክም ሲበረታ፣ ቴሌቪዥኑን ያቃጥላል፣ ፍሪጁን ያቃጥላል። አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው፤ ለዚህ ነው ሰው ያለ ስታብላይዘር ዕቃ የማይሰካው። ግን ሁልጊዜ ከውጭ የሚመጣ ችግር የለመደ ሰው ከውስጥ ያለውን ማየት ይተዋል። እኔም ጋሽ ፈንታም ከዚያ አላመለጥንም።

ወደ መጨረሻዎቹ ዓመታት መሥሪያ ቤታችን የሰብል በሽታ የሚመረምር ቤተ ሙከራ ከፈተ። ዶክተር ሰላማዊት የምትባል ከሐዋሳ የመጣች ወጣት ተመራማሪ ተመደበች። ብርዱ ስላልቻላት ሁለት ሹራብ ደርባ የምትውል፣ ሲስቁባት አብራ የምትስቅ ልጅ ናት። ሥራዋ የስንዴ ዋግ ነበር። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ከየማሳው የስንዴ ቅጠል በስልካቸው ፎቶ አንስተው ይልኩላታል፤ እሷ ደግሞ ኮምፒውተሩን ፎቶውን አይቶ፣ ዋጉ ለገበሬው ዓይን ከመታየቱ በፊት እንዲለይ ታስተምረዋለች። ተራ ኮምፒውተር ይህን ያህል ፎቶ ለመማር ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ አራት ትልልቅ ግራፊክስ ካርዶች የኮምፒውተሩ ዕቃ ሁሉ በሚሰካበት በአንድ ማዘርቦርድ ላይ ተሰክተው አንድ ላይ እንዲያሰሉላት ፈለገች። ካርዶቹን ለምና፣ ተሟግታ፣ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት እየጠበቀች አንድ በአንድ አስመጣች። ስንዴው ሳያሸት ካልደረሰች ሥራዋ ለከርሞ ነው፤ ለከርሞ ደግሞ በጀቱ ይኖር አይኖር የሚያውቅ የለም።

ጋሽ ፈንታ በዚያን ጊዜ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ባለቤታቸው አርፈው፣ ልጆቻቸው ተበታትነው፣ ብቻቸውን ነበሩ። «ቤት ስውል ቀኑ አልመሽ ይለኛል» ብለውኝ፣ እኔ ደጅ ጠንቼ በኮንትራት አስመልሻቸው ነበር። አዲሱ ኃላፊያችን አቶ ደሳለኝ ግን ነገሩን አልወደደውም። ክፉ ሰው አይደለም፤ የፋርጣ ገበሬ ልጅ ነው፣ ተምሮ የመጣ። ካርዶቹን ልንገጥም ስንዘጋጅ መጥቶ በሩ ላይ ቆመና «ይኸ እንደ ወፍጮ ሞተር አይደለም። አንድ ነገር ቢሆን የጋሽ ፈንታን ኮንትራት አላድስም፤ አስቀድሜ ተናግሬያለሁ» አለ። ጋሽ ፈንታ ጎንበስ ብለው ብሎኖቹን መለየት ቀጠሉ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ፈሩ።

ቦርዱ ከአንድ ሰው እጅ የተገዛ ስለነበረ መመሪያው አብሮት አልመጣም። ጋሽ ፈንታ እንደ ታቦት ነው የያዙት። ካርዶቹን አንድ በአንድ አስቀመጡ፤ እያንዳንዱ ካርድ ለኮምፒውተሩ ኃይል ከሚያድለው ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣለትን ወፍራም ገመድ ከላይ ሰኩለት፤ ትልቁንም የቦርዱን ገመድ ሰኩ። እኔ መብራት እያበራሁ ብሎን አቀብላቸዋለሁ። ሲጨርሱ እንደ ልማዳቸው ባዶ የቀረውን ሶኬት ሁሉ በነጭ ናስትሮ ሸፈኑ፤ ጫፍ ጫፉን አጠፉ። ሰላማዊት ፎቶ አነሳችውና «እንዴት ያምራል!» አለች። እውነትም ያምር ነበር።

ችግሩ የጀመረው ሥራ ሲበዛበት ነው። አንድ ካርድ ሲሠራ ደህና ነው፤ ሁለት ሲሠሩም ደህና ነው። አራቱም አንድ ላይ ሥራ ሲይዙ ግን ትንሽ ይቆይና ድርግም ይላል። ሰላማዊት ወደ እኛ ዞረች። እኔና ጋሽ ፈንታ እኩል ተናገርን፤ «መብራቱ ነው!» አልን። ትልቅ ስታብላይዘር በባጃጅ አስጭነን መጣን። አሁንም ድርግም። «እንግዲያ ፓወር ሰፕላዩ አንሷል» አልንና ከባሕር ዳር በጣም ትልቁን አስመጣን። ይኼኔ ሠራ! አራቱም ካርዶች እያጓሩ ዋሉ። ጋሽ ፈንታ የካርዶቹን ገመድ ሁሉ በእጃቸው ጀርባ ዳበሱ፤ ቀዝቃዛ ነው። የቦርዱ ትልቁ መጋጠሚያ ግን ከካርዶቹ ኋላ ተደብቆ እጅ አያስገባም ነበርና ሳይዳሰስ ቀረ። ሰላማዊት ዳቦ ገዝታ መጣች፣ ለሁላችንም አካፈለች።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ወደ ቤተ ሙከራው ስገባ ሽታው ከበሩ ተቀበለኝ። በሙያችን ያለ ሰው ያንን ሽታ ያውቀዋል፤ የቀለጠ ፕላስቲክ ነው። ኮምፒውተሩ ዝም ብሏል። ትልቁ የቦርዱ መጋጠሚያ ቡናማ ሆኖ፣ ከሶኬቱ ጋር አብሮ ቀልጦ ተጣብቋል። ካርዶቹ ተርፈዋል፤ ቦርዱ ግን ሞቷል። ሰላማዊት የካርቶን ሣጥን ላይ ቁጭ ብላ አየችው። ከዚያ ሹራቧን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ጋሽ ፈንታ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ አጠገብ ቆመው ነበር፤ ከዚያ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

የሞተውን ቦርድ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩት። ተናድጄ ነበር። መብራቱን ስረግም፣ ሻጩን ስረግም፣ የሚረገም ሰው አለቀብኝና ቦርዱን ራሱን ማየት ጀመርኩ። ያኔ ነው ከብዙ ዘመን በፊት ይፋግ የሰማሁት ጥያቄ ትዝ ያለኝ። ካርዶቹ ተየት ነው የሚጠጡት? ዋናውን ከላይ በሚመጣላቸው ገመድ ይወስዳሉ፤ ይኼን እናውቃለን። ግን ጥቂቱን ደግሞ ከተቀመጡበት ከቦርዱ ይወስዳሉ። ቦርዱስ ተየት ያመጣላቸዋል? ከትልቁ መጋጠሚያ፣ ከሁለት ቢጫ ገመዶች። የቀለጡት እነዚያው ሁለት ናቸው። አንድ ካርድ ቢሆን ይችላሉ፤ አራት ካርድ በሁለት ቀጭን ገመድ ሲስብ ግን የሚቻል አይደለም። ሮቶው ሙሉ ነው፤ ቧንቧው ነው የቀጠነው። ቀድሞ የነበረው ትንሹ ፓወር ሰፕላይ ሲጨንቀው ራሱን እያጠፋ ቦርዱን ሲያተርፈው ኖሯል። እኛ ያመጣነው ትልቁ ግን አይጨንቀውም፤ ዝም ብሎ ሰጠ፤ ገመዱ እስኪቀልጥ ሰጠ።

ቦርዱን የሠሩት ሰዎች ይህን ሳያውቁት አይቀሩም ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ካርድ ለሚበዛበት ቦርድ ሌላ መንገድ ሳይተዉለት አይቀሩም። በጣቴ ጠርዝ ጠርዙን ስዳብስ ከታች፣ ከካርዶቹ መቀመጫ አጠገብ፣ ነጭ ናስትሮ አገኘሁ። ጫፏ ታጥፋለች። ሳብኩት። ሥሩ አንዲት ሶኬት አለች፤ በደቃቅ ፊደል ለካርዶቹ ተጨማሪ ኃይል መቀበያ መሆኗ ተጽፎባታል። የሚሰካባት ገመድም ከፓወር ሰፕላዩ ጋር መጥቶ፣ ተጠቅልሎ ሣጥኑ ውስጥ ተኝቷል። ሌላ ምንም አላጠረንም ነበር። ቁጭ ብዬ አዘንኩ፤ ፈራሁም።

ደሳለኝ በዚያ ሰዓት ገባ። «ምክንያቱ ታወቀ?» አለኝ።

«ገና ነኝ።»

«መብራቱ ነው መቼም» አለና ትከሻውን ነቀነቀ።

እዩ እንግዲህ፤ መዳኛውን ራሱ አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። «አዎ» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። የጋሽ ፈንታ ኮንትራት ይታደሳል፣ ማንም አይከሰስም፣ ከተማው ሁሉ ያምናል። ግን የሰላማዊት የቀድሞ አስተማሪ ተመሳሳይ ቦርድ ሊልክላት ቃል ገብቷል። እውነቱን ከደበቅሁት ሁለተኛውን ቦርድ ማን በምን ልብ ይገጥመዋል? «ነገ እነግርሃለሁ» አልኩት። ቦርዱን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ ጋሽ ፈንታ ቤት ወረድኩ።

ጓሯቸው ጎመን ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው። እጃቸውን ታጥበው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«ጋሽ ፈንታ፣ አንድ ነገር ላሳይዎ ነው የመጣሁ» አልኩና ቦርዱን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት። ናስትሮውን እንደነበረ መልሼ ለጥፌው ነበር።

መጀመሪያ የታጠፈችውን ጫፍ አዩና ፈገግ አሉ። ከዚያ በጥፍራቸው ላጥ አደረጉት። ፊደሉን ለማንበብ ቦርዱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። አነበቡ። ሶኬቷን አዩ፣ የቀለጠውን አዩ፣ በመካከላቸው ያለውን መንገድ በዓይናቸው ሄዱበት። እኔ ምንም ማስረዳት አላስፈለገኝም። ፈገግታው ግን ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ተየት እንደሚጠጡ ሳልጠይቅ» አሉ ቀስ ብለው። «አንችን ዕድሜሽን ሙሉ ስነዘንዝሽ ኖሬ።»

«አንቱ ብቻ አይደሉም! እኔም አጠገብዎ ቆሜ ነበር፤ ብሎን ሳቀብል ነበር። ደግሞ ደሳለኝ መብራቱ ነው ብሎ ይዞታል። ዝም ካልን…»

«ዝም ተልን ምን?»

«ኮንትራትዎ ይታደሳላ!» ብዬ ጮህኩባቸው። በእሳቸው ላይ ስጮህ ያ የመጀመሪያዬ ነው። እንባዬም መጣ። «ቤት ውለው ሊሞቱብኝ ነው እንዴ?»

ጋሽ ፈንታ ቦርዱን በእጃቸው ይዳብሱት ጀመር። «ያች ልጅ አገሯን ጥላ፣ ብርድ እየቆረጣት ያመጣችውን ነው ያቃጠልኩት» አሉ። «ደሳለኝን ልዋሸው እችላለሁ። እሷን ግን በየቀኑ አያታለሁ። ዳቦ ቆርሳ ስትሰጠኝ በምን አፌ እበላዋለሁ?» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ነገ ጧት ሽማግሌ ሆነሽ ይዘሽኝ ትገቢያለሽ።»

«ሴት ሽማግሌ ደግሞ የት አይተው ያውቃሉ?»

«ሴት የሞተር ሠራተኛስ የት አይቸ ነበር?» አሉኝ። በእንባዬ መሀል አሳቁኝ።

በማግሥቱ ጋቢያቸውን ለብሰው ቤተ ክርስቲያን እንደሚሳለም ሰው ሆነው መጡ። ሄደው ይነግሯታል፣ እኔም አግዛቸዋለሁ ብዬ ነበር ያሰብኩት። ቤተ ሙከራው በር ላይ ስንደርስ ግን «ቦርዱን አምጭው» አሉኝ። ተቀበሉኝና ማጅራታቸው ላይ አስቀመጡት። በሁለት እጃቸው ጠርዙን ያዙ፣ ወገባቸው እስኪታጠፍ አጎነበሱ፣ እንደዚያ ሆነው ገቡ። በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይገባል፤ የተበደለው ሰው ከማጅራቱ እስኪያነሳለት ድረስ ቀና አይልም። ድንጋይ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። የተቃጠለ ማዘርቦርድ ግን አይቼ አላውቅም።

ሰላማዊት ከወንበሯ ብድግ አለች። «ውይ፣ ጋሽ ፈንታ! ወገብዎን ነው? እትዬ አትጠገብ፣ ምን ሆኑ?» አለች። ልትደግፋቸው ስትሮጥ ክንዷን ያዝኳት። ሽማግሌ ነኝና ተናገርኩ። በደለኛ መሆናቸውን፣ የመጡት ይቅርታ ሊጠይቁ መሆኑን፣ ይቅር ካለች ከማጅራታቸው እንደምታነሳላቸው፣ ካላለች ግን የማስገደድ መብት እንደሌለን ነገርኳት። ከዚያ ስለ ሶኬቷና ስለ ናስትሮው፣ ስለ ሁለቱ ቢጫ ገመዶች፣ እኔም አጠገባቸው ስለመሆኔ ምንም ሳላስቀር ተናገርኩ። ድምፅ ሰምቶ ደሳለኝ ገብቶ ኖሮ ከኋላችን ቆሟል። የገበሬ ልጅ ነው፤ የሚያየው ነገር ምን እንደሆነ ለእሱ ማስረዳት አላስፈለገም፤ ኮፍያውን አወለቀ።

ሰላማዊት ማጅራታቸው ላይ ያለውን ቦርድ ጎንበስ ብላ አየችው። «ያች ሶኬት ባትሸፈን ኖሮ ሥራዬ አይቆምም ነበር ማለት ነው?» አለች በመጨረሻ።

ልመልስ አፌን ስከፍት ጋሽ ፈንታ ከታች ሆነው ቀደሙኝ። «አይቆምም ነበር። የሸፈንኳት እኔ ነኝ።»

ፊቷ ቀላ። ተቆጥታ ነበር፤ አልፈርድባትም። መስኮቱ ጋ ሄደች፣ ወደ ውጭ አየች፣ ተመለሰች። የቦርዱ ሹል ጠርዝ የጋሽ ፈንታን ማጅራት ሲወጋው ይታየኛል። ልቤ «ቶሎ በይ፣ ቶሎ በይ» ይላል፤ ሽማግሌ ግን አይቸኩልም። ከዚያ ቀረበች፤ ቦርዱን በሁለት እጇ ከማጅራታቸው ላይ አነሳችው።

«ምን ተብሎ ነው የሚነገረው?» አለችኝ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር፣ ጋሽ ፈንታ» አለች። ጋሽ ፈንታ ቀና አሉ።

ወደ ደሳለኝ ዞርኩ። ዕርቅ ከወረደ በኋላ ያንኑ ነገር መልሶ የሚያነሳ ሰው በእኛ ዘንድ ሰው አይባልም፤ እሱም ያውቀዋል፣ እኔም እንደሚያውቀው አውቃለሁ። ኮፍያውን በእጁ ሲያዟዙር ቆየና «የተበደለችዋ ካነሳች እኔ ምን አገባኝ» ብሎ ወጣ። ጎበዝ ልጅ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወድጄዋለሁ።

አዲሱ ቦርድ ከሳምንት በኋላ ደረሰ። ጋሽ ፈንታ ካርዶቹን አስቀመጡ፣ ገመዶቹን ሰኩ፤ ሁሉም እንደ ድሮው ነበር። ያች ሶኬት የምትቀበለውን ገመድ ሲይዙ ግን እጃቸው ቆመ። መንቀጥቀጥ ጀመረ። አስጠጉት፣ መለሱት፤ እንደገና አስጠጉት፣ መለሱት። ሞተር እየዞረ ነክተው የማይደነግጡ ሰው ናቸው።

«አትጠገብ፣ አንች ስኪው» አሉኝና ገመዱን ዘረጉልኝ። «እኔ እጄን ፈራሁት።»

ልቀበላቸው እጄን ሰደድኩ። ሰላማዊት ቀደመችኝ፤ ገመዱን ግን አልወሰደችም። የሹራቧን እጅጌ ሰብስባ አጠገባቸው ተንበረከከችና የእጃቸውን አንጓ ከሥር ያዘችላቸው። «እኔ አልፈራሁትም» አለች። «እርስዎ እስኪሰኩት እዚሁ ነኝ።»

እሷም አልገፋችም፤ ይዛ ብቻ ቆየች። መንቀጥቀጡ ቀስ በቀስ እጇ ውስጥ ሲበርድ አየሁት። ጋሽ ፈንታ ጎንበስ አሉ፣ ሶኬቷን በጣታቸው ፈለጓት፣ ገፉት፤ ቀጭ አለ። ከዚያ እጃቸውን ከእጇ ሳያላቅቁ ወደ እኔ ዞረው «አብሪው» አሉ።